ጀልባው ሳይነሣ ለመድረስ፦ የንባብ ትምህርት በኪሴ ይዤ ወደ ሐሙሲት

ቅዳሜ ንጋት፤ ባሕር ዳር

ከቤቴ ስወጣ የሐይቁ ዳር መንገድ መብራቶች ገና አልጠፉም። የዘንባባዎቹ ቅጠል አይነቃነቅም፤ ጣና ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ለሌላ መንገደኛ ደግ ምልክት ነው፤ ለእኔ ግን አልነበረም። ውሃው ጸጥ ካለ ጀልባዎች ያለ ሥጋት ይነሣሉ፤ እኔ ደግሞ አንዲት ጀልባ ሳትነሣ መድረስ ነበረብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በትምህርት መሥሪያ ቤት ሰነድ ሳደራጅ የኖርሁ ሰው ነኝ። ከወጣሁ በኋላ ከአንድ ጡረተኛ መምህር ወዳጄ ጋር ሌላ ሥራ ያዝን። ማየት፣ መስማት፣ ማንበብ ወይም አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ የሚቸግራቸውን ልጆች ለሚያስተምሩ መምህራንና ለሚያሳድጉ ወላጆች በየድረ ገጹ የተቀመጡትን ትምህርቶች እንሰበስባለን። ኔትወርክ ባለ ጊዜ እናወርዳለን፤ እያንዳንዱን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው እናያለን፤ ለአገራችን ልጅ የማይሆነውን እንጥላለን፤ የቀረውን በየችግሩ ዓይነት ለይተን በሚሞሪ ካርድ ላይ እንገለብጣለን። ማንም አላዘዘንም። አደረጃጀቱን ግን የትኛውም መርማሪ ቢያየው አላፍርበትም።

ሐሙስ ዕለት መምህርት እታገኝ ከሐሙሲት ደወለችልኝ። የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ ካርዳችንን ከወሰዱት አንዷ። ማኅሌት የምትባል ተማሪዋ ፊደል መለየት ተስኗታል። መምህርቷ ልጅቱን ከክፍሏ ሳታስወጣ ለብቻዋ ልታግዛት አስባ ለአባትየው ነገረቻቸው። አባትየው በሐይቁ ዳር ደብር የሚያገለግሉ መሪጌታ ናቸው። “ራሴ ያስተማርኋትን ልጅ አታነብም አልሽኝ?” ብለው ተቆጡ፤ ልጅቱን ከትምህርት ቤት አስቀርተው ቅዳሜ በሚነሣው ጀልባ ወደ እህታቸው ሊልኳት ቆረጡ። እህትየው ከሐይቁ ማዶ ነው የሚኖሩት፤ በአቅራቢያቸው ትምህርት ቤት የለም።

“እኔን አይሰሙኝም፣ ጋሼ። የትናንት ልጅ ነሽ ነው የሚሉኝ። ሽበት ያለው ሰው ካልመጣ አለቀላት” አለችኝ።

“ሽበቱስ አለ” አልኋት።

ማለዳ፤ በመንገድ ላይ

በዚህ ዘመን መናኸሪያ የደረሰ ሰው ከዋጋ በፊት የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ “መንገዱ ክፍት ነው?” ይላል። ረዳቱ “ለጊዜው!” ብሎ መለሰልኝና ከሹፌሩ ጀርባ አስቀመጠኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቅን። አንዲት ሴት የሽንኩርት ጆንያ ከእግሬ ሥር አስገቡ። አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ገና ሳንነሣ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ በየደቂቃው በመስኮት ወደ ዛፎቹ እመለከታለሁ፤ ነፋስ እንዲነሣ እየተመኘሁ።

የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ከከተማው ጥቂት እንደ ራቅን ኬላ ላይ ቆምን። ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ወጣት ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ከኮቴ የውስጥ ኪስ የካርዶቹን ትንሽ ሣጥን አወጣ።

“ይህ ሁሉ ሚሞሪ ምንድን ነው?”

“ትምህርት ነው።”

“የምን ትምህርት?”

“ማንበብ ለሚቸግራቸው ልጆች።”

“እንዲህ በሽማግሌ ኪስ የሚዞር?”

አንዱን ስልክ ላይ ከትቶ ከፈተው። በቪዲዮው አንዲት መምህርት የልጅ ጣት ይዛ በአሸዋ ላይ ፊደል ታጽፋለች። ፈታሹ ዘለለው፤ ሌላ ከፈተ፤ እሱም ፊደል ነው። ሦስተኛውንም አየ። እኔ ቀጥ ብዬ ቆሜ አንድ ነገር ብቻ አስባለሁ፤ ካርዶቹን ቢያስቀርብኝ በመሪጌታው ደጅ ባዶ እጄን ልቆም ነው። በመጨረሻ ሣጥኑን መልሶ “ይሂዱ፣ አባባ” አለኝ።

ስንሳፈር ባለ ሽንኩርቷ ሴት በክርናቸው ነካ አደረጉኝ፤ “እኔኮ ወርቅ የያዙ መስሎኝ ነበር! ለፊደል ነው እንዲህ ያላበዎት?”

“የትምህርት ቤት ነገር ሁልጊዜም ላብ ያስወጣል፣ እመቤቴ” አልኋቸው። ሹፌሩ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ከዘንዘልማ ወዲያ ሜዳው ሲገለጥ የባሕር ዛፎቹ ጫፍ መወዛወዝ ጀምሮ ነበር።

ረፋድ፤ ሐሙሲት

ሐሙሲት በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፈች ከተማ ናት፤ የጎንደር አውቶቡሶች፣ ሻይ ቤቶች፣ የሸንኮራ አገዳ እስር፣ ጥላ የዘረጉ ጨርቅ ሻጮች። መምህርት እታገኝ ከአንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ቆማ ትጠብቀኛለች። ያዘዘችውን ሻይ አልነካችውም፤ ዝንብ ገብቶበታል።

“አልሄደችም፤ ጀልባው ግን መጥቷል” አለችኝ ከሰላምታ በፊት።

የባጃጁ ልጅ ሁለት መቶ ብር ጠራ። ለመከራከር ጊዜ አልነበረንም። ልጁም ገብቶታል፤ “ፋዘር፣ ዛሬ ሙሽራ ነው እንዴ የምናመጣው?” እያለ በጥቁሩ አፈር ላይ ያስዘልለን ጀመር።

“ሙሽራ እንዳትሆን ነው የምንሮጠው” አለችው እታገኝ። ቀልድ አልነበረም። ማዶ የተሻገረች የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሁለት ክረምት ሳያልፍ ምን እንደሚጠብቃት ሦስታችንም እናውቃለን። ልጁም ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

የጤፍ ክምር፣ የጓያ ማሳ፣ የሩዝ ቃርሚያ የሚግጡ ላሞች። ከዚያ ሐይቁ። ዳሩ በእምቦጭ ተሸፍኖ ከሩቅ ለምለም መስክ ይመስላል። በዚያ አረንጓዴ መካከል አንዲት ሞተር ጀልባ ቆማለች፤ ሞላ የሚባለው ባለ ጀልባ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በሞተሩ ክንፍ ላይ የተጠመጠመውን አረም በቢላዋ ይቆርጣል። አገሩን ሁሉ ያስመረረው እምቦጭ በዚያች ዕለት ለእኛ ጊዜ ገዛልን።

ቀትር፤ በመሪጌታው ደጅ

መሪጌታ ልሳነ ወርቅን ከደብሩ ቅጽር አጠገብ፣ በዋንዛ ጥላ ሥር አገኘናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥምጥማቸው ንጹሕ ነው። ማኅሌት አዲስ ነጠላ ለብሳ ከእናቷ ጎን ቆማለች። በርጩማ አስመጡልኝ።

“ይቀመጡ፣ ጌታዬ። ከሩቅ ነው የመጡት።”

“ቃሌ ሳይሰማ አልቀመጥም” አልኋቸው። የሽምግልና ወጉ ይህ ነው፤ ልመናው መልስ እስኪያገኝ ሽማግሌ ይቆማል። መሪጌታም ወጉን ስለሚያውቁ እሳቸውም ቆሙ። በዚያ ቀትር ሁለት ሽማግሌ ፊት ለፊት ተገተርን።

ልመናዬን አቀረብሁ። ከዚያ ስልኬን ከፍቼ ለወላጆች ከተዘጋጁት ትምህርቶች የተሻለ ነው ያልሁትን አሳየኋቸው። በአማርኛ ነው፤ ጥርት ያለ ነው፤ በምርጫዬ ኮርቼ ነበር። ከረባት ያሰረው ባለሙያ ገና “ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች” ከማለቱ መሪጌታ እጃቸውን አነሡ።

“ያጥፉት። ልጄ ምን የተለየ ነገር ፈለገች? በዘወርዋራ ጎደሎ ናት ልትሉኝ ነው?”

“አላልንም፣ መሪጌታ።”

“ማኅሌት! መጽሐፉን አምጪ።”

ልጅቱ የጸሎት መጽሐፍ አምጥታ ከፈተች። በግእዝ ጀመረች። ድምፅዋ ቀጭንና የማይሰበር ነው፤ በንባቡ ወግ የሚጣለውን ድምፅ ትጥላለች፤ የሚነሣውን ታነሣለች። ጣቷ በመስመሩ ላይ ይሄዳል፤ ገጹን በቦታው ትገልጣለች። ስትጨርስ መሪጌታ ወደ እታገኝ ዞሩ።

“ምን ቀራት?”

ከሐይቁ በኩል የሞላ ድምፅ መጣ፤ “የኔታ! ሞተሩ ተፈታ! ነፋሱ ሳይበረታ እንነሣ!”

እናትየው የልጅቱን ጓዝ አነሡ። ያን ጊዜ እታገኝ ስልኬን ከእጄ ወሰደችና ከካርዱ ሌላ ነገር ከፈተች። ቪዲዮ አይደለም፤ አንድ ገጽ ነው። ፊደላት ያለ ተራቸው ተበታትነው ተጽፈውበታል። መምህሩ በዘፈቀደ እየጠቆመ ልጁን ይጠይቃል፤ ተራውን የሸመደደ ልጅ በዚህ ይለያል።

“ይህን ብቻ ይዩልኝ፣ መሪጌታ። ከዚያ ትሂድ” አለች።

መሪጌታ ገጹን በጣታቸው እየተከተሉ ተመለከቱ።

“ይህን ማን አወጣው?”

“መምህራን ናቸው፤ በድረ ገጽ የለቀቁት።”

“አዲስ ነገር ብለው?” ፊታቸው ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር አለፈ። “ይኸማ አቡጊዳ ነው። እኛ ቤት ድሮም ያለ ነው።”

አንባቢ የቤተ ክህነት ትምህርት ካልቀመሰ ላስረዳ። ልጅ ሀሁን በተራው እንደ ዜማ ከዘለቀው በኋላ መምህሩ ያንኑ ፊደል ተራውን አፋልሶ በአቡጊዳ ያስቆጥረዋል። ዓይኑ ያወቀውንና ምላሱ ብቻ የያዘውን የሚለየው በዚህ ነው።

“ማኅሌት አቡጊዳን ቆጥራለች?” ብዬ ጠየቅሁ።

መሪጌታ ዋንዛውን ቀና ብለው አዩት።

“ተማሪዎቼን ሳስተምር ከዚህ ጥላ ሥር እየተቀመጠች ጸሎቱን በጆሮዋ ያዘችው” አሉ ቀስ ብለው። “ይህን ያህል የሄደችን ልጅ ለምን ወደ ኋላ እመልሳታለሁ ብዬ ዘለልሁት።”

ጎንበስ ብለው ስንደዶ ለቀሙና ከጸሎት መጽሐፉ መካከል፣ ከመስመሩ መካከል፣ አንድ ፊደል ላይ አሳረፉ።

“ይህ ማን ነው?”

ማኅሌት የአባቷን ፊት አየች። “በ?”

“ፊቴ ላይ የተጻፈ የለም። ፊደሉን እዪ።”

“ሰ?”

ስንደዶው ወደ ሌላ ፊደል ሄደ። ከዚያ ወደ ሌላ። ልጅቱ ከንፈሯን ነከሰች። “የኔታ! ነፋሱ!” አለ ሞላ ከታች። በአራተኛው ፊደል የማኅሌት እንባ መጽሐፉ ላይ ወደቀ፤ በነጠላዋ ጫፍ ፈጥና ጠረገችው።

“ሁሉም ወንድማማች ይመስሉኛል፣ አባ። የቱ የቱ እንደ ሆነ አላውቅም።”

“ገጹንስ በምን ታውቂዋለሽ?”

“የት ላይ እንደሚገለጥ እማዬን አያለሁ። እሷ ቀና ስትል እገልጣለሁ።”

እናትየው ጓዙን መሬት ላይ አስቀመጡ። “እኔም፣ ገጹ የሚገለጥበትን ጭምር፣ በቃሌ ነው የማውቀው” አሉ፤ “አብራኝ ትደግመዋለች እንጂ እንደዚህ መሆኑን አላወቅሁም።”

“እንግዲያ ጸሎቴ ውሸት ነው?” አለች ልጅቱ።

እኔ ያን ጊዜ ፈራሁ፤ ከውርደት የሚወለድ ቁጣ አለና። መሪጌታ ስንደዶውን በጣታቸው ሰበሩት። ከዚያ ከልጃቸው ፊት በርከክ አሉ።

“ጸሎት በልብና በአፍ ነው። ያንቺው ነው፤ ማንም አይነጥቅሽም። የጎደለው የእኔ ማስተማር ነው።”

ተነሡና ወደ ሐይቁ ዞረው ያን ሁሉ ዜማ የሚሸከም ድምፃቸውን ለቀቁት።

“ሞላ! ሂድ! ለእህቴ እንዲህ በላት፤ ልጅቱ አቡጊዳ አልጨረሰችም!”

“መቼ ትጨርሳለች ልበላቸው?”

“እሱን እንኳ እኔም አላውቅ!”

ሞተሩ አጓራ፤ እምቦጩን ሰንጥቆ ወጣ። መሪጌታ በርጩማውን በገዛ እጃቸው አቀረቡልኝ። ተቀመጥሁ።

ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው አጭር ነው። ማኅሌት ከአራተኛ ክፍል ጓደኞቿ አትለይም፤ እታገኝ ጥያቄውን በቃል እያነበበችላት በቃል ትመልሳለች፤ ፊደሉን ደግሞ ጠዋት ጠዋት በአሸዋ ላይ፣ አንድ በአንድ፣ ያለ ጥድፊያ ትማራለች። ችግሩ ምን እንደ ሆነ የሚመረምር ባለሙያ ባሕር ዳር እንፈልጋለን። ይለቃታል ብዬ ቃል አልገባሁም፤ የማላውቀውን አልፈርምም።

ማምሻ፤ ባሕር ዳር

መመለሻው ቀላል አልነበረም። ሐሙሲት ላይ መኪና ጠፍቶ ብዙ ጠበቅሁ፤ ኬላው ላይ ሌላ ፈታሽ ሣጥኑን እንደ ገና አስከፈተኝ። ድልድዩን ስንሻገር ሐይቁ በነፋስ ጠቁሯል፤ ሞላ በሰላም መሻገሩን የሰማሁት ከእታገኝ መልእክት ነው።

ያው መልእክት ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ “ጋሼ፣ ሰኞ ጠዋት መሪጌታ ራሳቸው ሊያመጧት ነው። ግን ከበሩ ላይ መጀመሪያ አንቺን ነው አቡጊዳ የምጠይቅሽ አሉኝ። እኔ አላውቀውም! ካርዱ ላይ ካለ የት እንዳለ ይንገሩኝ።”

ቤት ደርሼ ኮቴን ሳላወልቅ ፈለግሁ። ከሩቅ አገር የተሠራ አለ፣ በእንግሊዝኛ የተተረከ አለ፣ በሥዕል የታገዘ አለ፤ ሁሉንም በየዓይነቱ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። አቡጊዳ ግን የለም። ማናችንም ከድረ ገጽ የሚገኝ እንጂ ከቤት የሚወጣ ትምህርት ይኖራል ብለን አላሰብንም ነበር።

መስኮቱን ዘጋሁ፤ የመንገዱ ጩኸት እንዳይገባ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁ፤ ስልኩን አፌ አጠገብ አድርጌ የመቅጃውን ምልክት ነካሁ።

“አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ” አልሁ፤ ቀስ ብዬ፣ እታገኝ እንድትከተለኝ።