መቻልን ያላጠብኩባቸው ቀናት

ባለፈው ሳምንት ከአጥራችን ማዶ ጎረቤቴ ለጋቢዋ ማጠቢያ እንዶድ ስትወቅጥ ብናኙ እኔ ዘንድ ደርሶ ሦስቴ አስነጠሰኝ፤ ያን ጉሮሮ የሚከረክር መራራ ሽታ ሲሸተኝ ባሕር ዳር መሆኔን ረስቼ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው የአባቴ ቤት ጓሮ፣ ከሙቀጫው አጠገብ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ሌላው ሰው እንዶድ ሲሸተው ንጹሕ ልብስ ትዝ ይለው ይሆናል፤ እኔን ትዝ የሚለኝ ውሻ ነው፣ ወዲያውም ድክም ይለኛል።

ውሻው መቻል ይባል ነበር። ስሙን ያወጣለት አባቴ ነው፤ ከጎረቤታችን ጋር በድንበር ተኳርፈው በነበረበት ዓመት ሰውዬውን ፊት ለፊት መናገር ስላልፈለገ፣ ጠዋትና ማታ «መቻል! ና መቻል!» እያለ ይጣራ ነበር፣ ሰውዬውም መልእክቱ ይደርሰው ነበር። እርቅ ወርዶ ድንበሩ ከተተከለ በኋላም ስሙ በውሻው ላይ ቀረ። ደረቱ ሰፊ፣ ጠጉሩ ዳለቻ፣ ጅብን በበረታችን ዙሪያ ዝር የማያስብል ውሻ ነበር፤ እኔንም ውኃ ልቀዳ ስወርድ እስከ ወንዙ ድረስ እየተከተለ ይሸኘኝ ነበር።

ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው፣ እኔም አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። በየዓመቱ ሰኔ ገብቶ ምድሩ ሲረጥብ መቻልን ያሳክከው ነበር፤ ከጆሮው ሥር ጀምሮ፣ ወደ ብብቱ ወርዶ፣ ጀርባው እስኪላጥ ድረስ በአጥሩ እንጨት ይታከክ ነበር። እናቴ የኑግ ዘይት ትቀባውና ሻል ይለዋል፣ ሻል ሲለው እንረሳዋለን፣ ወር ሳይሞላ ተመልሶ ያው ነው። በዚያ ዓመት ግን የጎረቤት ውሾችም ፍየላችንም ማከክ ጀመሩ፤ ሰዎች ተሰብስበው መጥተው አባቴን «ያንተ ውሻ ነው ያመጣብን» አሉት። አባቴም ተቸግሮ፣ እስከ ፍልሰታ ፍች ድረስ ካልዳነ መቻልን ከአገር እንደሚያስወጣው በሰው ፊት ቃል ሰጠ።

በሐምሌ እናቴ አጎቷን ጠራቻቸው። መሪጌታ ናቸው፣ ቅጠል ያውቃሉ ይባልላቸው ነበር። እሳቸው ግን ውሻውን ትተው በቀጥታ ከጎተራው ሥር ወደሚተኛበት ገለባ ሄዱና በመቋሚያቸው ሲገልጡት ቁንጫው እንደ ጤፍ ፈሰሰ። «ውሻውን ብቻ ምን ያስለፋሻል? የተኛበትን አታይም?» አሏት። ገለባው እንዲቃጠል፣ አመድ እንዲነሰነስበት፣ በላዩ ደረቅ ገለባ እንዲነጠፍ፣ ውሻው ደግሞ በየሦስት ቀኑ በእንዶድ አረፋ፣ ዓይኑ እየተጠበቀ ታጥቦ በደንብ እንዲለቀለቅ አዘዙ። ሊሄዱ ሲሉ ዘወር ብለው «ጠጉሩ በቀለ፣ ዳነ ብላችሁ ስትተዉት ነው የሚመለስባችሁ። እስከ መስቀል አትተዉት» አሉ።

እናቴ ያሉትን አንድም ሳታጓድል ፈጸመች። ሐምሌ ሳያልቅ ጀርባው ላይ ጠጉር እንደ አዲስ ቡቃያ ብቅ ብቅ አለ፣ እሷም ሰው በመጣ ቁጥር ጠጉሩን እየገለጠች ታሳይ ነበር። ነሐሴ ሲገባ ግን የፍልሰታን ሱባኤ ልትይዝ ቤተ ክርስቲያን ገባች። ስትሄድ «መቻል እንግዲህ ባንቺ እጅ ነው፤ በየሦስት ቀኑ፣ አደራ» አለችኝ፣ እኔም «እሺ እማ» አልኳት።

የመጀመሪያውን ቀን አጠብኩት። ውኃውን በጭቃው ዳገት ተሸክሜ፣ እንዶዱን እያስነጠሰኝ ወቅጬ፣ አረፋውን መትቼ፣ ያን ሁሉ ገላ ስፈትግ እጄ ተሰነጣጠቀ፤ ጾመኛም ነበርኩ። በሁለተኛው ቀን ጀርባውን ብቻ አስነካሁት። በሦስተኛው ዝናብ ነበር፣ ደክሞኝም ነበር፣ ውሻው ደግሞ ጤነኛ ይመስል ነበር፤ ቀኑን ለምዶት ራሱ መጥቶ ሙቀጫው አጠገብ ቆሞ ሲጠብቀኝ «ሂድ ወዲያ!» ብዬ አባረርኩት። ከዚያ በኋላ እንዶዱንም ገለባውንም አልነካሁም።

በጾሙ ከእኩዮቼ ጋር ለመቁረብ ቤተ ክርስቲያን እንሄድ ነበር። አንድ ቀን ቆርቤ ስወጣ እናቴ ከዋርካው ሥር ጠብቃኝ «አጠብሽው?» አለችኝ። አፌን በነጠላዬ እንደሸፈንኩ «አዎ» አልኳት።

በፍልሰታ ፍች እናቴ ወደ ቤት ስትመለስ የመቻል ጀርባ ቆስሎ ነበር። ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው፣ ከዚያ የእኔን የተሰነጣጠቀ እጅ አንስታ ለአባቴ አሳየችው። «እይ፣ ልጂቱ እጇ እስኪላጥ አጥባው ነው እንዲህ የሆነው። መድኃኒቱ አልያዘለትም» አለችው። አባቴ ግን ወደ እኔ ዞሮ «በርግጥ ታጥቧል?» ብሎ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ ብናገር ውሻው ይተርፍ እንደነበር ገብቶኛል። «አዎ አባ» አልኩት።

በማግስቱ አባቴ በገመድ አስሮ ወደ መንገዱ ወሰደው፣ ወደ ቡሬ የሚያልፍ የእህል መኪናም አቁሞ ሾፌሩን ሩቅ እንዲጥልለት ለመነው። መቻል አደን የሚሄድ መስሎት ጅራቱን እየቆላ ተሳፈረ። አባቴ ባዶ ገመድ ይዞ ተመለሰ፣ የዚያን ቀን ምሳ አልበላም።

መስከረም ጠባ፣ በጋው መጣ፣ የኔ ውሸት ግን ከውሻው ጋር አልሄደም። እናቴ ለጠየቃት ሁሉ «እንዶድ ለእከክ አይረባም፤ ልጄ ነሐሴን ሙሉ አጥባ አየነው» ትል ነበር። በሚቀጥለው ክረምት ሦስት ቤቶች ሳያጥቡም፣ ገለባ ሳይቀይሩም ውሾቻቸውን አስወጡ። እናቴ ነገሩን ለመሪጌታም ነገረቻቸው። እሳቸውም መቋሚያቸውን እያሻሹ «እንጃ ልጄ፣ አርጅቼ ተሳስቼ ይሆናል» አሏት። በር አጠገብ ቆሜ ሰማኋቸው። ከዚያ ወዲህ ለእንስሳት ቅጠል ማዘዝ ተዉ።

ዛሬ እኔም ውሻ አለኝ፣ ክረምት ሲመጣ እሱንም ያሳክከዋል። የከብት ሐኪሙ ያለኝ መሪጌታ ካሉት ብዙ አይለይም፦ መኝታውን አጽጂ፣ በየሳምንቱ እጠቢው፣ ዳነ ብለሽ አታቋርጪ። ጉልበቴ አልታጠፍ ሲል ልጄ «እማዬ፣ ዛሬ እንኳ ይለፈው» ትለኛለች፤ አላሳልፈውም። ያኔ ውኃው ከወንዝ ነበር፣ አሁን ከቧንቧ ነው፤ ያኔ ግማሽ ቀን የፈጀው አሁን ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እናቴም መሪጌታም እስኪሞቱ ድረስ መድኃኒቱ ከንቱ እንደሆነ አምነው ኖሩ፤ እኔም ለሁለቱም አልነገርኳቸውም።