አበልጄና እኔ በእስር ቤቱ በር

ባለቤቴን ከመሥሪያ ቤቱ የወሰዱት በደርግ ጊዜ፣ ሁለተኛ ልጃችንን ክርስትና ባስነሳን በአራተኛው ወር ነው። ጥፋቱ ይህ ነው ብሎ የነገረን የለም። እኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ ቤታችን ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ነበር።

በማርያም ስም ማኅበር እንጠጣ ነበር። አሥራ ሁለት ቤተሰብ ነን፤ በየወሩ በሃያ አንድ በተራ እንደግሳለን። እሱ በታሰረ በሁለተኛው ወር ተራው እኔ ላይ ወደቀ። ይቅርብሽ ያለኝ ስላልነበረ ጠላውን ጠመቅሁ፣ ድፎውን ደፋሁ። ረፋዱ አለፈ፤ ቀትር ሆነ። ከንስሐ አባታችን በቀር አንድም ሰው አልመጣም። ጸሎቱን አድርሰው ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። ባዶውን ቤት እንዳላዩ ሆነው በሉልኝ።

“ሸጋ ድግስ ነው፣ ልጄ” አሉኝ።

ያን ቀን ለእሳቸው ስል ነው እንባዬን የዋጥኩት።

ከሁሉ ያንገበገበኝ የአበልጄ መቅረት ነበር። የትንሿ ልጄ የክርስትና እናት ናት፤ እህት ብትኖረኝ ከእሷ አትበልጥብኝም። ከሳምንት በኋላ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተገናኘን። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ወደ ማዶ ተሻገረች።

“እማዬ፣ አላየችንም?” አለችኝ ትልቋ ልጄ።

“አላየችንም” አልኳት።

ከንስሐ አባቴ አልደበቅሁም። “አባቴ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳያት ቅዳሴው ይጠፋብኛል። ይቅር ማለት አልቻልኩም” አልኳቸው።

“ያልቻልሽውን ቻልኩ አትበይ። ስሟን ግን ከጸሎትሽ አታውጪው” አሉኝ።

በየጠዋቱ ስሟን ጠራሁ። አንዳንድ ቀን ጥርሴን ነክሼ ነበር የምጠራው።

በዓመቱ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ለባለቤቴ ምግብ ይዤ እስር ቤቱ በር ስደርስ አበልጄ ቆማለች። ባሏ ከታሰረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። እሰይ፣ ቅመሺው፣ አልኩ በሆዴ። ወዲያው ዘበኛው ጮኸባት። የእስረኛውን ስም ምግቡ ላይ አልጻፈችም፤ እንደሚጻፍም አታውቅም። ምግቡን ልትመልስ ስትጣደፍ ወጡ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። እግሬ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። የተረፈውን አስተካክዬ ቋጠርኩላት፤ ከደብተሬ ወረቀት ቀድጄ የባሏን ስም ጻፍኩ። በዘበኛው ፊት ቀድማ መቅመስ እንዳለባትም ነገርኳት።

“ምነው አትሰድቢኝም?” አለችኝ ምግቡን አስረክበን ስንመለስ።

“ዘበኛው ሰድቦሽ የለም እንዴ አሁን?”

አለቀሰች። “ፈራሁ፣ አበልጄ። ቤትሽ ብገባ ነገ ወደ ቤቴ የሚመጡ መሰለኝ። ይኸው አልገባሁም፤ እነሱ ግን መጡ።”

የሌላ ሰው ባል ታስሮ ቢሆን እኔስ ደፍሬ እሄድ ነበር? ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።

“ነይ፣ ልጅሽን እያት፤ መራመድ ጀምራለች” አልኳት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣች። ጉልበቴን ልትስም ስትጎነበስ ይዤ አነሳኋት። ልጅቷ ግን ረስታታለች፤ ቀሚሴ ሥር ተደበቀች። ብሰድባት እንኳ ያን ያህል የሚከፋት አይመስለኝም። ተቀምጣ እስክትለምዳት ጠበቀች።

ከዚያ ወዲያ ቀን ተካፈልን። አንድ ቀን እኔ የሁለቱንም ባሎች ምግብ አደርሳለሁ፣ አንድ ቀን እሷ። ማኅበርተኞቹም አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ። ይቅርታ የጠየቁኝ ጥቂቶቹ ናቸው፤ ሌሎቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው ገብተው ተቀመጡ። እነሱንም ተቀበልኳቸው፤ የአበልጄን ያህል ግን አልቀለለኝም።

ባለቤቴ የተፈታው በእሷ ተራ ቀን ነው። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳለ የክፍሉ በር ተበረገደ። አበልጄ ናት፤ ነጠላዋ ወድቆባት፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ። ስድሳ ተማሪ ፊት እልልታዋን አቀለጠችው። ልጆቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረዋት እልል አሉ።

“ወጣ! ባልሽ ወጣ!” ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

የእሷ ባል ገና አልተፈታም ነበር።