እቴ ዘሀራ እና የጁምዓው ድብልቅ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን የስፖንጅ ፍራሽ ጣሪያ ላይ አውጥታ በዱላ ትደበድብ ነበር። እኔ ስፌት ቤት ተቀምጬ የዓባያ ጠርዝ እየሰፋሁ ነበርኩ። ዱፍ ይላል፤ ዝም ይላል፤ ደግሞ ዱፍ። የስፌት መኪናውን አቁሜ አዳመጥኩ። ሰው ሸራ ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ልክ እንዲህ ነበር። አንሸራቶት የወደቀና ተነሥቶ የተጣለ ሰው ድምፃቸው አንድ አይደለም። ይህን የነገረችኝ እቴ ዘሀራ ናት። ትናንት ጂዛን ከተማ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ እቴ ዘሀራ ናፈቀችኝ።

ያደግኩት የመን ድንበር ላይ ባለችው የሳዑዲ ከተማ ሳምጣ ነው። አባቴ የማንጎ መጋዘን ጠባቂ፣ እዚያ እንደሚሉት ሐሪስ፣ ነበር። የምንኖረውም እዚያው ግቢ ውስጥ በአንዲት ክፍል ነው። ጦርነቱ ከድንበሩ ማዶ ነው ይባል ነበር፤ ግን ድምፁ ማዶ አልነበረም። ድም ባለ ቁጥር የመጋዘኑ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ የመስኮታችን መስተዋት ላይ እናቴ ፕላስተር መስቀልኛ ለጥፋበት ነበር። ትምህርት ቤታችን ለድንበሩ ስለሚቀርብ ተዘጋ፤ እኔም ከስድስተኛ ክፍል በኋላ አልቀጠልኩም። የአማርኛ ፊደል ያስቆጠረኝ አባቴ ነው። ሰው ፊት መናገር አልችልም ነበር፤ አሁንም ብዙ አልችልም። እቴ ዘሀራ ግን ዝምታዬን አትቆጣም። «ድመቴ» ትለኛለች። «ነይ ድመቴ፣ ግድግዳችን ሥር እንቀመጥ።»

ግድግዳው የማብሰያ ቤቷና የመጋዘኑ ግቢ የሚጋሩት ነው። እቴ ዘሀራ የባቲ ሰው ናት፤ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ክንዶቿ በዘይት ፍንጣሪ የተዥጎረጎሩ። ለሠራተኞች ምግብ ታበስላለች። ጠዋት ጠዋት ከቤቷ የሚወጣው የሄልና የተጠበሰ ሽንኩርት ሽታ ነው፤ ሐሙስ ደግሞ የዚያ አገር ሴቶች እንደሚያደርጉት ፉል የሚሉትን የነጭ ጃስሚን አበባ ጉንጉን ፀጉሯ ላይ ስለምታስር፣ ሽንኩርቱና አበባው አብረው ይሸታሉ። ድምፅዋ የሻከረ ነው። ስትስቅ ክዳን ከድስት ላይ የወደቀ ይመስላል።

ድብልቁን የጀመረው ባሏ ጋሽ ይማም ነበር። ቦክሱም፣ ትግሉም፣ እርግጫውም በአንድ ላይ ስላለበት ሰው ሁሉ ድብልቅ ይለዋል። ጁምዓ ከዐስር ሶላት በኋላ መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ፍራሾች ይደረደራሉ፤ ላያቸው ላይ የጭነት መኪና ሸራ ይወጠራል፤ የሐበሻ፣ የየመንና የሱዳን ሠራተኞች ተሰብስበው ጓንት ያጠለቁ ሁለት ሰዎች ሲጋጠሙ ያያሉ። የመጋዘኑ ባለቤት፣ እዚያ ከፊል የሚባሉት አሠሪያችን፣ ሽማግሌ ሰው ነበሩ፤ ወንበራቸውን አስወጥተው ከሁሉ ፊት ይቀመጣሉ። ጋሽ ይማም ታሞ ሲሞት ሰው ሁሉ ድብልቁም አብሮ የሞተ መሰለው። ሐዘኑ ጋብ ሲል እቴ ዘሀራ ወደ አባቴ መጣች።

«ጁምዓ በሩን ክፈትልኝ» አለችው።

«ማን ሊያጋጥም ነው?»

«እኔ።»

«እንዴ፣ ሴት አይደለሽ?»

«ሳበላቸው ሴት መሆኔን ማን ጠየቀኝ?»

አባቴ ሳቀ፤ በሩንም ከፈተ። ዳኛ እሱ ሆነ። እሷ ወንዶች መሀል ስለማትገባ አንድም ግጥሚያ በዓይኗ አይታ አታውቅም። ግድግዳው ላይ ጆሮዋን ለጥፋ፣ መዳፏን አጠገቡ አስደግፋ ትሰማለች። «ተነሣ ልጄ፣ ተነሣ… አዎ ተነሣ» ትላለች፤ ከግድግዳው ማዶ ያለው ሰው እውነትም ይነሣል።

ለሰው የሚመስለው ድብልቅ ማለት ሁለት ጉልበተኛ ማገናኘት ነው። እኔ ግን ከአጠገቧ ተቀምጬ ሽንኩርት ስልጥ፣ ዋናው ነገር ቀን ማግኘት መሆኑን አየሁ። የዳቦ ቤቱ ልጅ ሌሊት ሠርቶ ቀን ስለሚተኛ መጨረሻ ላይ ይገባል። ከፋራሳን ደሴት የሚመጣው ዓሣ አጥማጅ መርከቡ እንዳያመልጠው መጀመሪያ ይጋጠማል፤ ባሕሩ ከተናወጠ ደግሞ ጭራሽ አይመጣም። አል-ዒዳቢ ከሚባለው ወረዳ የሚመጣው የእርሻ ሠራተኛ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ካልታደሰ ኬላው አያሳልፈውም። ሙስሊሙ ረመዳን አለው፤ ክርስቲያኑ ሁዳዴ አለው። ሁለቱ ጾም በተከታተለበት ዓመት ወራቱን ሁሉ ሰው አጥታ፣ «እናንተ ተራ በተራ እየጾማችሁ እኔን ልትገድሉኝ ነው!» ስትል ትዝ ይለኛል። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ከድንበር በኩል ድምፅ ከበዛ ኸላስ፣ ለሚቀጥለው ጁምዓ።

ሰውን የምትጠራው በስልክ ድምፅ ልካ ነው። መልእክቷ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ኬላ አያግደውም። የፖስተር ሥዕል፣ የሙዚቃ ጋጋታ የለውም። ግን ሐሙስ ሐሙስ የምትሠራው አንድ ነገር ነበራት፤ ወሬዋ ሁሉ የሚቀዳው ከዚያ ነው። በማግስቱ የሚጋጠሙት ሁለት ሰዎች በረንዳዋ ላይ ተቀምጠው ከአንድ ሰሐን ይበላሉ። ያልበላ አይጋጠምም። ከዚያ ስልኩን አፏ ላይ ደቅና እንዲህ ትላለች፦

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ ሙሳ ሥጋውን ወደ ዑመር ገፋለት። ዑመር አፍሮ መለሰለት። ነገ ምን እንደሚገፋፉ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ዑመር ሩዙን ሁለቴ አስጨምሯል፤ ሙሳ፣ ወላሂ ብትጸልይ ይሻልሃል።»

ሰው ይህን ለመስማት ይሞታል። በየሥራ ቦታው ሰሐኑ ላይ ማን ምን እንዳደረገ ይወራል። የተሸነፈውንም አትጥለውም፤ «ያለፈው ጁምዓ የወደቀው ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ዝም ብሎ በልቷል፤ እኔ ዝም ብሎ የሚበላ ሰው እፈራለሁ» ትላለች። በሚቀጥለው ጊዜ ሁሉም የሚያየው ያንን ልጅ ነው።

ከዚያ ጂዛን ከተማ ውስጥ ሌላ ሰው ድብልቅ ጀመረ። መብራት አለው፤ ቪዲዮ ይሠራል፤ ተጋጣሚዎቹ ግንባር ለግንባር ተገናኝተው ይሰዳደባሉ። የእቴ ዘሀራ ጁምዓ ሳሳ። ከፊላችንም ወንበራቸውን ማስወጣት ተዉ። ሞባይል ጠጋኙ ፉአድ፣ ሸራውን የሚወጥረው የድሬ ልጅ፣ አፉ የማያርፍ፣ አንድ ቀን ማብሰያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጨቀጨቃት።

«እቴ፣ ሰው ፍቅር ሊያይ አይመጣም። ጠብ ሊያይ ነው የሚመጣው።»

«እኔ ጠብ አልሸጥም።»

«እሺ ሩዝሽን ሽጪ! እኛ ግን ጁምዓ ጁምዓ ሸራ ጠባቂ ሆነናል።»

የጋሽ ይማም ነገር በእጇ እንዲሞት አልፈለገችም። አሰበች፣ አሰበችና «አንድ ጊዜ» አለች። ለአረፋ፣ የክርስቲያኖቹ የፍልሰታ ጾም ሳይገባ፣ ሰይድንና ተስፋዬን በጂዛኑ ዓይነት ቪዲዮ ልታጋጥም ተስማማች።

ሰይድና ተስፋዬ ከወሎ የመጡ የአንድ ቀበሌ ልጆች ናቸው። አንድ ክፍል ይኖራሉ፤ አንድ ብሎኬት ማምረቻ ይሠራሉ። የመንን በእግራቸው ያቋረጡት አብረው ነው። ሲነሡ ሦስት ነበሩ። ሦስተኛው የተስፋዬ ታናሽ ወንድም ደሳለኝ ነው፤ በረሃው ላይ ውኃ ጠምቶት ሞተ፤ ሁለቱ አሸዋውን በእጃቸው ቆፍረው ቀበሩት። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያነሣውም።

ፉአድ ቪዲዮውን ሲቀርጽ ሁለቱ መጀመሪያ እየሳቁ አላስቀረጽ አሉት። «አፍንጫህ ድስት ይመስላል» ይባባላሉ፤ ይፈነዳሉ። ፉአድ፣ «ይሄ ሰው አያመጣም፤ የሚያም ነገር በሉ» አላቸው። ያኔ ሰይድ ካሜራውን እያየ፣ «ወንድሙን በረሃ ጥሎ የመጣ ሰው እኔን ይጥላል?» አለ።

ከአፉ ሲወጣ ለጨዋታ ነበር። እቴ ዘሀራ ሳታየው ቪዲዮው ተላከ። በማግስቱ ጂዛን ደረሰ፤ ፋራሳን ተሻገረ፤ ወሎም ገባ። የተስፋዬ እናት ሰምታ ደወለች ተባለ። ተስፋዬ ስልኩን ዘግቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከሰይድ ጋር ከሚኖርበት ክፍል ፍራሹን አውጥቶ ደጅ መተኛት ጀመረ። ፉአድ ግን በደስታ ሰከረ። «እቴ፣ ከአል-ዒዳቢ ሦስት ፒክአፕ ሙሉ ይመጣል! ከፊሉም ወንበር አዘዋል!»

ሐሙስ በረንዳው ላይ ሰሐኑ ቀረበ። እኔ የእጅ ውኃ አፈሰስኩላቸው። ሰይድ ዓይኑ ቀልቷል። ትልቁን ሥጋ ወደ ተስፋዬ ገፋ። ተስፋዬ የታጠበውን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሥጋውን አየው፤ ሰይድን አየው።

«ብላ እንጂ ተስፍሽ» አለው ሰይድ።

«ነገ» አለ ተስፋዬ።

እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ግን የዚያች ቃል ትርጉም ገባኝ። ዳኛው አባቴ ነው፤ ነገ ተስፋዬን ከሰይድ ላይ ማን ያነሣለታል? እቴ ዘሀራ ሰሐኑን ከመሀላቸው አነሣች።

«ኸላስ። ግጥሚያ የለም።»

ፉአድ ጭንቅላቱን ያዘ። «እቴ! ሰዉ ተነሥቷል እኮ!»

«ይመለሳ።» ስልኩን አወጣች። ያን ቀን ድምፅዋ ቀልድ አልነበረውም። «ነገ ድብልቅ የለም። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ የኔ ነው። ሰው እንዲመጣልኝ ብዬ የሞተ ልጅ አስነሣሁ።» ይህንን ብላ ላከችው፤ አበባውንም ከፀጉሯ ፈትታ ጣለችው።

ሰዉ ግን መጣ። ከቪዲዮው በኋላ ስለሆነ መልእክቷም ሌላ ማስታወቂያ መስሏቸዋል። ግቢው ሞላ፤ በመጋዘኑ ባዶ የማንጎ ሳጥን ላይ ሳይቀር ቆሙ። «ተስፋዬ! ተስፋዬ!» እያሉ ያጨበጭባሉ። ተስፋዬ ውኃ ታንከሩ ሥር እጁን በጨርቅ ጠምጥሞ ቆሟል። ሰይድ ከወዲያ ማዶ ነው። አባቴ መሀል ቆሞ ላብ ያጠምቀዋል።

እቴ ዘሀራ ዓባያዋን ለበሰች። የማብሰያ ቤቱን የጓሮ በር ከፍታ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በጆሮዋ ብቻ ወደምታውቀው ግቢ ገባች። እኔ በሩ ጥግ ቀረሁ። ወንዶቹ እያፈገፈጉ መንገድ ለቀቁላት። ጫማዋን አውልቃ ሸራው መሀል ላይ ተቀመጠች።

«ድብልቅ የለም ብያለሁ» አለች። «ዛሬ ለቅሶ ነው። የዚህ ልጅ ወንድም ደሳለኝ የመን ላይ ሞቶ እስከዛሬ የተቀመጠለት ሰው የለም። የምትቀመጡ ተቀመጡ። የማትቀመጡ፣ በሩ ያው ክፍት ነው።»

ጭብጨባው ቆመ። ከፊላችን ምን እንደተባለ አባቴን በዓረብኛ ጠየቁት። አባቴ ነገራቸው። ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡና መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ፋራሳኖቹ ተቀመጡ፤ ከዚያ የአል-ዒዳቢዎቹ። ግቢው ሙሉ ሰው፣ ሊጮህ የመጣ ሰው፣ ዝናብ እንደመታው ሰብል ዝቅ አለ። ሁለት ብቻ ቆመው ቀሩ።

ሰይድ ከግድግዳው ሥር ብሎኬት አነሣ። የአገራችን ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ እንደሚሸከመው ማጅራቱ ላይ ጭኖ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እስከ ታንከሩ ሄደ። ተስፋዬ ፊት ቆመ። ቆየ። ብሎኬቱን አላወረደም። ማንም «ይቅር በለው» ብሎ አልተናገረም፤ እቴ ዘሀራም ቀና ብላ አላየችም።

ተስፋዬ ሁለት እጁን ሰነዘረ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ብሎኬቱን ከሰይድ ላይ አውርዶ መሬት አስቀምጦታል። ከዚያ «ወንድሜን!» ብሎ ጮኸ። ከድንበሩ በኩል የሚመጣ ስንት ድምፅ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አልሰማሁም። ሰይድ አቅፎት ሸራው ላይ አብረው ወደቁ። «እግዜር ያጽናህ»፣ «አላህ ሰብር ይስጥህ» የሚለው ከየአቅጣጫው መጣ። ከኋላ ደግሞ አንዱ፣ የማላውቀው ልጅ፣ ቆሞ «የኔም እህት እዚያው ቀርታለች» አለ። ሌላው ተነሣ። ሌላው። ስም ይጠራሉ፤ ይቀመጣሉ። ጀንበሯ እስክትጠልቅ ስም ተጠራ።

ፉአድ ወደ ጂዛኑ ድብልቅ ሄደ። ተጋጣሚዎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉት። ዓመት ሳይሞላ የእቴ ዘሀራ ኢቃማ ሳይታደስ ቀረና አገሯ ገባች። ስትሄድ ጉንጬን ይዛ «ድመቴ፣ ድምፅሽን ሳልሰማው ልሄድ ነው» አለችኝ። የምላት ብዙ ነበረኝ። አንገቷ ሥር ተሸጉጬ የሄሉን ሽታ ሳብኩና አንዱንም ሳልነግራት መኪናው ሄደ።

እኔም ለስፌት ሥራ ጂዛን ገባሁ። አባቴ ግን እዚያው ሳምጣ ነው። ድብልቅ የሚባል ነገር በግቢው ከቀረ ቆይቷል ይለኛል። ጁምዓ ዐስር ሲሆን ግን በሩን ይከፍታል፤ ሰው ይመጣልና። ሰይድና ተስፋዬ ቀድመው ደርሰው ሸራውን ያነጥፋሉ። ከመንገድ በቅርቡ የደረሱ፣ እቴ ዘሀራ የምትባል ሴት መኖሯን ያልሰሙ ልጆች ጫማቸውን አውልቀው ጥግ ጥጉን ይቀመጣሉ። ማንም አያስተዋውቃቸውም። አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አብሮት ተነሥቶ ያልደረሰውን ሰው ስም ይናገራል።