ጀላቢያው ላይ ጠብ ያለው ዘይት

ባሌ አምና የሞተር ውድድር ላይ ወድቆ የቀኝ ትከሻውን ሲሰበር፣ ከስብራቱ ይልቅ እኔን ያሳመመኝ ምላሱ ነበር። ገና ከወደቀበት ሳይነሳ፣ አፉ የገባውን አቧራ እንኳ ሳይተፋ፣ "የሱ ዘይት ነው የጣለኝ!" ብሎ ጮኸ። "እሱ" ያለው ከፊቱ ይነዳ የነበረውን አበልጃችንን ነው። ልጃችንን ክርስትና ያነሳልን፣ በዓል በመጣ ቁጥር እኛ ቤት ዳቦ የሚቆርስልን ሰው!

እውነቱን ለመናገር የአበልጄ ሞተር አሮጌ ናት። ቆማ ታንጠባጥባለች፤ ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ የት የት አቁሟት እንደነበር በጥቁር ጠብታዋ ይታወቅ ነበር። ስለዚህ ሰው ሁሉ ባሌን አመነው። አበልጄ "ኧረ ያን ዕለት የዘይቱን መዝጊያ አጥብቄ በሽቦ አስሬ ነው የወጣሁ" ብሎ ቢምል ቢገዘት ማን ይስማው።

ከዚያ ወዲያ ባሌ ሰላምታ ነፈገው። በግልጽ ተጣላሁህ አይለውም። አበልጄ ትከሻ ለትከሻ ሊሳለመው ጠጋ ሲል ብቻ "ተው ተው፣ ትከሻዬን ያመኛል" ብሎ ሸርተት ይላል። ድንቄም ሕመም! ጆንያ ሙሉ ሰሊጥ ሲሸከምበት አያመው፣ ሌላውን ሰው ሲሳለምበት አያመው፤ ለአበልጄ ሲሆን ብቻ የሚታመም ትከሻ! ፋሲካ መጣ፣ አበልጄ አልመጣም። ልጄ "የክርስትና አባቴስ?" ሲለኝ እህል አልወርድልኝ አለ። እኔ እናት አባቴን ደጋ ትቼ ነው ቆላ የወረድሁ። እዚህ ዘመዴ እሱና ሚስቱ ናቸው። ውድድሩ ገደል ይግባ፤ እነሱን ማጣት ግን አቃተኝ።

ዘንድሮም ሰሊጡ ገብቶ፣ ጥምቀት አልፎ፣ የሞተር ወሬ ተነሳ። ውድድሩ የሚካሄደው ከከተማው ዳር፣ አዝመራው በተነሳለት እርሻ ዙሪያ ነው። የእርሻው ባለቤት ሽማግሌ ግን ተቆጡ። "አምና ሰው ወደቀብኝ፤ ሰሊጤን የማደርቅበት መሬትም ዘይት ጠጣ። ከእንግዲህ ዘይት የሚያፈስ ሞተር እርሻዬን አይረግጥም" አሉ። ጎረምሳው ሁሉ "የኔዋ አታፈስም" ብሎ ተንጫጫ። እኔም አላስችል አለኝና "አባባ፣ ሰሊጥ ስናራግፍ ፍሬው እንዳይጠፋብን ከሥሩ ሸራ እናነጥፍ የለ? ለሞተሩም እናንጥፍለት። እላዩ ላይ ያቁምና ያስነሳት፤ ጠብ ካለ ያኔ ይታያል" አልኋቸው።

"አበጀሽ!" አሉ። "ግን ሸራው ጥቁር ነው፣ አያሳይም። ነጭ ይሁን።"

ይህን ሲሰማ ባሌ ወደ ቤት ከነፈ። ትከሻው ተሰብሮ ሸሚዝ መልበስ ባቃተው ጊዜ የገዛሁለትን፣ ከሱዳን የመጣውን ሰፊ ነጭ ቀሚስ፣ ጀላቢያውን፣ ይዞ ከተፍ አለ። መሬት ላይ ዘረጋውና ደረቱን ነፍቶ፣ "እዚህ ላይ አንድ ጠብታ የጣለ ይውጣ! የእናቴ ልጅም ቢሆን ይውጣ!" አለ። ዓይኑን ከአበልጄ ላይ አልነቀለም። እኔም ዛሬ ቁርጡ ወጣ አልሁ በልቤ። ያቺ አሮጌ ሞተር ጠብ ካደረገች፣ ባሌ እድሜ ልኩን ቂም ይዞበት ሊኖር ነው።

መጀመሪያ የቀረበው አበልጄ ነበር። ሞተሯ አጓራች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጭስ በጭስ አደረገችን። ሁላችንም መርፌ እንደጠፋበት ሰው አጎንብሰን ከሥሯ ፈለግን። ምንም የለም፤ መዝጊያዋ ዛሬም በሽቦ ታስሯል። ባሌ አላምን ብሎ ጀላቢያውን በእጁ ዳበሰው። ደረቅ ነው።

ቀጥሎ የራሱ ተራ ሆነ። እየተጀነነ ወጣባት፣ አስነሳት፣ ነዳጅ ሰጣት። ለሰው ለማሳየት ደግሞ ጨመረላት። ጠብ! ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት፣ ነጩ ጀላቢያ ላይ፣ ጥቁር ጠብታ። ትንሽ ቆየና ሌላ።

"ውሃ ነው" አለ ባሌ።

ሽማግሌው በጣታቸው ነክተው አሸተቱና "ውሃ ከሆነ በል ጠጣው" አሉት።

አበልጄ ሳይጠሩት መጥቶ ተንበረከከ። የታችኛው መዝጊያ ደህና ነው። የሚያንጠባጥበው ሞተሩ የሚተነፍስበት ቀጭን ቱቦ ነበር፤ ጫፉ ልክ ከኋላ ጎማው ፊት ተንጠልጥሏል። የዘይቱን መለኪያ መዘዘና ወደ ባሌ ቀና አለ። "ከልኩ አልፏል እኮ። ለምን ይህን ያህል ሞላህባት?"

"ሙቀት አይደለም እንዴ?" አለ ባሌ። "ቆላ ነው፤ ይጠማታል ብዬ ጨመር አደረግሁላት። አምናም እንዲሁ ነው ያደረግሁ።"

ይሄ የኛ አገር በሽታ ነው። ፀሐዩ ሲያቃጥለን ሰውም ከብቱም ደጋግሞ ይጠጣል፤ ሞተሯም የምትጠማ ይመስለናል። ዘይት ሲበዛባት ግን፣ በጋለች ቁጥር ትርፉን ትተፋዋለች።

"አምናም እንዲሁ" ሲል ዓመት ሙሉ እያየሁ ያላየሁት ነገር ድንገት ወለል አለልኝ። "አንተ ሰው!" አልሁት፣ ሰው መስማቱም አልታወቀኝ። "አምና የወደቅህ ዕለት ሞተርህን ያጠብኋት እኔ አይደለሁም? የኋላ ጎማዋ በዘይት ርሶ ነበር፤ የፊቱ ግን ደረቅ አቧራ ነው። መሬት ላይ የፈሰሰ ዘይት ቢሆን ቀድሞ የሚረግጠው የፊቱ አልነበረም? በገዛ ዘይትህ ነው የወደቅኸው!"

የሰዉ ሳቅ ፈነዳ። ሽማግሌው እንባቸውን እየጠረጉ "የእናቴ ልጅም ቢሆን ብለሃል፤ በል የእናትህን ልጅ ይዘህ ውጣልኝ" አሉት። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ፣ ደስ አለኝ!

ያልሳቀው አበልጄ ብቻ ነው። "አባባ፣ እሱ ካልተወዳደረ እኔ ከማን ጋር ልወዳደር ነው? ትጠገንና እንደገና ትታይ" ብሎ ለመነለት። ትርፉን ዘይት ቀዳው። ከራሱ ዕቃ ረዘም ያለ ቱቦ አውጥቶ ከመተንፈሻው ጋር ገጠመና ጫፉን ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ከተተው፤ የምትተፋውን እዚያው እንድትተፋ። ፕላስቲኩን ሰሊጥ በምናስርበት ገመድ ጥፍር አድርጎ አሰረው። ባሌም መፍቻ አቀበለው። ሞተሯ እንደገና ጀላቢያው ላይ ወጣች፣ ጮኸች፣ ጠብ አላለችም።

ውድድሩን ሁለቱም አላሸነፉም። ከገለጉ ከተማ የመጣ አንድ ጎረምሳ አቧራ አብልቷቸው ሄደ። ግን ማንም አልወደቀም፤ ሽማግሌውም እርሻቸውን ዞረው ዞረው አንድ ጥቁር ነጥብ አጡ።

ቤት ገብተን ጀላቢያውን ልዘፈዝፍ ስል ባሌ ከእጄ ወሰደው። ከነእድፉ ለበሰውና "ተነሽ" አለኝ።

"ወዴት?"

"የት እንደሆነ አጥተሽው ነው?"

መንገድ ላይ "ምን ብዬ ልጀምር?" አለኝ።

"እኔ እንጃ። ስትሳደብስ ማን አስጀመረህ?" አልሁት።

አበልጄ ደጁ ላይ ካለው የሣር ዳስ ሥር ተቀምጦ ነበር። ሲያየን ብድግ አለ። ግን ዓመት ሙሉ ለምዶበት ትከሻውን አላቀረበም፤ ከሩቁ እጁን ብቻ ዘረጋ። "እንዳላሳምምህ" አለው።

ባሌ የተዘረጋውን እጅ ያዘና ወደራሱ ሳበው። ያንን የተሰበረውን የቀኝ ትከሻውን አስጠግቶ ገጨው፤ ደገመው፤ አሁንም ደገመው።

"አያመኝም" አለው። "ድሮም አያመኝም ነበር።"