አገጯን ያነሳሁላት ሴት

ሲይዙኝ የአንዲት ሙሽራ ቬሎ እያስተካከልኩ ነበር። ጅጅጋ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብላ ባለችው ፎቶ ቤቴ ሦስት ሰዎች ገቡና አንደኛው "ጨርስ፣ እንጠብቅሃለን" አለኝ። ደግነት መሰለኝ። የሙሽራዋን አገጭ ቀና አድርጌ፣ ትከሻዋን ወደ መብራቱ አዙሬ አነሳኋት። እስክጨርስ ድረስ ሌላኛው ሰውዬ መስተዋቱ ፊት ቆሞ የሸሚዙን ኮሌታ ያስተካክል ነበር። ከዚያ እኔንም ካሜራዬንም ይዘው ወጡ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። ገና ሳልገባ የተቀበለኝ ሽታው ነው። የሻገተ ዱቄትና ሽንት። ጥግ ላይ አፉ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን አለ። መጸዳጃ የሚያወጡን ጠዋትና ማታ ብቻ ስለነበር የስምንት ሰው ሽንት እዚያው ይጠራቀማል። ከረፋዱ ጀምሮ ጣሪያው ይግላል፣ ቆርቆሮው ሲግል ጀሪካኑ ይብሳል። የቆየ እስረኛ ከእሱ ርቆ ይቀመጣል፣ አዲስ የመጣ አጠገቡ ይተኛል። ሥርዓቱ ይኸው ነው፣ እኔም ተኛሁ።

"ወደዚህ ጠጋ በል" አሉኝ አንድ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ፣ ምንጣፋቸውን ገፋ አድርገው። ከሀርሺን የመጡ የግመል ደላላ ናቸው። ሁላችንም አዴር እንላቸው ነበር፣ አጎት እንደ ማለት ነው። አማርኛውን የለመዱት ከገበያና ከወታደር ነውና ሹሙንም እስረኛውንም አንተ ይላሉ።

"በምን ያዙህ?"

"በሥራዬ።"

"እኔን በስልኬ ነው። አንድ ፎቶ ተገኘብኝ። የእህቴ ልጅ ላከልኝ፣ እኔ ደግሞ ለሰው ላክሁ። በቃ፣ ሌላ የለም።"

"የምን ፎቶ?"

"የአንዲት ሴት። ቤቷ ተቃጥሏል፣ ባሏ ሞቷል። ግን አታለቅስም። ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ አላህን ታያለች። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ብዙ ሞት አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ፊት ግን አላየሁም። ያንን ፎቶ ያነሳውን ሰው አላህ ራሱ ነው ወደዚያ የላከው።"

ፎቶው የእኔ ነበር። ወደዚያ የላከኝም አላህ ሳይሆን የከተማው ነጋዴዎች ናቸው።

ለውጥ መጣ ተብሎ በየአደባባዩ ሲጨፈር በነበረበት ዓመት ነው። ከባቢሌ ወዲህ ያለች አንዲት መንደር በግጭት ተቃጥላ፣ የጅጅጋ ነጋዴዎች ዱቄትና ዘይት አዋጥተው በአይሱዙ ሲሄዱ ርክክቡን እንዳነሳላቸው ቀጠሩኝ። አንዱን ጆንያ ሦስት ጊዜ አስረከቡ። መጀመሪያ አንዱ ነጋዴ ዐይኑን ጨፈነ፣ ቀጥሎ ሌላው ከፍሬሙ ወጣ። በእያንዳንዱ ጊዜ ጆንያውን ከተቀባዩ መልሰው ወሰዱት። ተቀባዩ ወንድሙን የቀበረ ሰው ነበር፣ በታዘዘበት ሁሉ ፈገግ አለ። ቀፈፈኝ። ግን አነሳሁ።

ከዚያ ሴትየዋን አየኋት። ከተቃጠለ ቤቷ ፊት መሬት ላይ ተቀምጣለች። ባሏ የተቀበረው በዋዜማው ነው። አንገቷን ደፍታ ስለነበር ፊቷ በጥላ ተሸፍኗል፣ ብርሃኑ ደግሞ ከግራ በኩል በጣም ጥሩ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሽራ ያነሳ እጅ አያርፍም። ጠጋ ብዬ በሁለት ጣቴ አገጯን አነሳሁት። "ትንሽ ቀና በይ" አልኳት በሶማሊኛ። ቀና አለች። ቢያንስ ብትቆጣኝ፣ እጄን ብትመታኝ ምን አለበት። እንደ ሙሽራ ዝም ብላ ያስቀመጥኩበት ቆየችልኝ። ደጋግሜ አነሳኋት፣ ከዚያ ነጋዴዎቹ ጠሩኝና ሄድኩ።

ፎቶው በሳምንት ውስጥ አገር አዳረሰ። አንዱ ወገን "እነሱ ያደረሱብን" ብሎ ጻፈበት። ሌላው ወገንም ያንኑ ፎቶ፣ ያችኑ ሴት ይዞ "እነሱ ያደረሱብን" አለ። ከሥሩ የሚያለቅሱ የኢሞጂ ፊቶች ደረደሩበት። አንዳንዱ "እንዴት የሚያምር ፎቶ ነው" ይላል። ሴትየዋ ማን ናት፣ ዛሬ ምን በላች ብሎ የጠየቀ አላጋጠመኝም። እኔም ብሆን አልጠየቅኩም። ስንት ሰው እንደተቀባበለው ነበር የማየው። ይህን ሁሉ ለሽማግሌው አልነገርኳቸውም፣ ያን ቀን አልደፈርኩም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ መርማሪው ዘንድ ወሰዱኝ። በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ሽቶ የተቀባ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ፎቶዬን በትልቅ ወረቀት አሳትሞ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። የሻይ ብርጭቆውን ያስቀመጠው በሴትየዋ ግንባር ላይ ነበር።

"ባለሙያ ነህ" አለኝ። "የምሬን ነው። ግን ሴትየዋ እንዲህ አልተቀመጠችም። አብሮህ የነበረ ሰው ነግሮናል። አንተ ነህ ያስቀመጥካት።"

ዐይኔን ከብርጭቆው ላይ አላነሳሁም።

"ዋሸሁ?"

"አገጯን ብቻ ነው" አልኩት።

"እሱ ይበቃል።"

ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። ፎቶው የተቀነባበረ ነው፣ ሴትየዋ ተከፍሏት ነው የተቀመጠችው፣ በተባለው ቦታ የተቃጠለ ቤትም የሞተ ሰውም የለም ይላል። ከታች ስሜና የፊርማ ቦታ አለ።

"ፈርምና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ። ሚስትህ ምሳህን ይዛ በር ላይ ቆማለች። በዚያ ሆዷ ፀሐይ ላይ ባትቆም ጥሩ ነው።"

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ጥቂት ሳምንታት ቀርቷት ነበር። በየቀኑ በባጃጅ እየመጣች የምሳ ዕቃውን ለዘበኛ ሰጥታ ትመለሳለች። እኔን ማየት አልተፈቀደላትም።

"እስከ ነገ ላስብበት።"

"ምን የሚታሰብ ነገር አለው? ግማሹን በራስህ አፍ አምነሃል።"

ያቃተኝ ይኸ ነው። ቢዋሽ ኖሮ መናቅ ቀላል ነበር። ግን ግማሹ እውነት ነበር፣ ያንንም እውነት የሰጠሁት እኔ ነኝ። በሁለት ጣት ጨረፍ ያደረግኩት ነገር የአንድን ሰው ሞት ሊያስክድ መጣ። ብፈርም የዚያች ሴት ባል አልሞተም፣ ቤትም አልነበራትም። እሷም ተከፍሏት ያዘነች ሴት ትሆናለች።

ክፍል ስመለስ ሽማግሌው አጠገብ ተቀምጬ በጆሮአቸው ነገርኳቸው።

"አዴር፣ ያ ፎቶ የእኔ ነው። አላህን አልነበረም የምታየው። ወደ ላይ ያደረግኳት እኔ ነኝ።"

"እንዴት አድርገህ?"

"በእጄ።"

"ነካሃት?"

"አዎ።"

"ባሏ ከሞተ ስንት ቀን ሆኖት?"

"በተቀበረ ማግስት።"

መርማሪው ሻዩን እየጠጣ ፈርመህ ካድ ስላለኝ ወረቀትም ነገርኳቸው። ከዚያ ምንጣፋቸውን ጠቀለሉና ተነስተው ሄደው ጀሪካኑ ሥር አነጠፉት። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ሽታ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። ብዙ ሰው ሰድቦኛል፣ መርማሪውም በኋላ ሰድቦኛል። የሽማግሌውን ያህል ያቆሰለኝ ግን የለም። አልፈረድኩባቸውም፣ እኔም ከራሴ ርቄ መቀመጫ አጥቼ ነበር።

የከሰዓቱን የአስር ሶላት ሰግደው ሲጨርሱ ተመልሰው መጡ። ከሰዓት ከሰዓት ጊዜ ማሳለፊያ አንድ ጨዋታ ነበረን። በግመል ገበያ ሻጭና ገዢ አፋቸውን ይዘጋሉ። ሁለቱም እጃቸውን ከአንድ ጨርቅ በታች ከትተው በጣት ብቻ ይነጋገራሉ፣ ዙሪያውን የቆመው ሰው ምንም አያይም። ሽማግሌው ይህንኑ አስተምረውን በየቀኑ የሌለ ግመል ይሸጡልን ነበር። ጣት ከያዝክ ሸጠሃል፣ መዳፍህን ከዘረጋህ አልሸጥክም። ከጨርቅ በታች እጁን ሰጥቶ በኋላ የከዳ ሰው ገበያው ውስጥ ማንም ሁለተኛ እጁን አይጨብጠውም ይሉን ነበር። በጨዋታም ቢሆን በዚህ አይቀልዱም።

ሽርጣቸውን በሁለታችን እጅ ላይ ጣል አደረጉት። ሌሎቹ እስረኞች የተለመደው ነው ብለው ተሰበሰቡ።

"ዛሬ ሻጩ አንተ ነህ" አሉኝ ጮክ ብለው።

"የማን ግመል ናት?"

"የአንዲት ሴት። ከእሷ ሌላ ንብረት የላትም። አንተ ጋ በአደራ ናት። ገዢው ቢሮ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ትሸጥለታለህ?"

አንዱ እስረኛ "ሽጥና እንብላበት" ብሎ አሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም።

"አዴር፣ ሚስቴ ልትወልድ ነው" አልኩ።

"አፍህን አልጠየቅኩም።"

ከሽርጡ በታች እጃቸው ይጠብቃል። ደረቅ ነው፣ ገመድ የላጠው እጅ ነው። ጣታቸውን ልይዝ ፈለግኩ፣ ይህን አልደብቅም። ባለቤቴ በዚያ ፀሐይ ቆማ ታየችኝ። ማን ያውቃል፣ ሴትየዋ ስለ ወረቀቱ ላትሰማ ትችላለች፣ ብትሰማም እኔን የት ታገኘኛለች እያልኩ አሰብኩ። እያሰብኩ ሳለ ራሴን አየሁት። ያን ቀን ብርሃኑ ጥሩ ነው ብሎ የተጠጋት ሰው ነው አሁንም የሚያስበው። ተጸየፍኩት። መዳፌን ዘረጋሁ።

"አልተሸጠችም" አሉ ሽማግሌው። ሽርጡን ሲያነሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ግን ይቅር አላልኩህም። ይቅርታው የእኔ አይደለም፣ የእሷ ነው" አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ብዕር ሰጠኝ። ፎቶው እንደ ትናንቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ሻዩም እንደ ትናንቱ ግንባሯ ላይ። ብርጭቆውን አነሳሁና ባዶው እንጨት ላይ አስቀመጥኩት። ሰውዬው ብርጭቆውን አየ፣ እኔን አየ። ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው በእጅ ጽሑፌ ጻፍኩ። "ፊቷ በብርሃን እንዲታይ ብዬ የሴትየዋን አገጭ በእጄ አንስቻለሁ። ይህ ነውር ነው፣ ያደረግኩትም እኔ ነኝ። ቤቷ ተቃጥሎ ነው ያገኘሁት። ባሏ በዋዜማው ተቀብሯል። ማንም አልከፈላትም።" ከሥሩ ፈረምኩ።

አነበበው። "ይህን ማን ጠየቀህ?" አለ። "ራስህን አዋረድክ እንጂ ምን ጠቀመህ?"

"ሌላ የምጽፈው የለኝም።"

ያን ጊዜ ነው የሰደበኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ተኩል ቆየሁ። ሽማግሌውን በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው፣ ዳግም አላየኋቸውም። ልጄ የተወለደችው እኔ እዚያ ሳለሁ ነው። የምሥራቹን የነገረኝ ምሳ ዕቃውን ያቀበለኝ ዘበኛ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ "ውጣ" ብለው ለቀቁኝ፣ ምክንያቱን አልነገሩኝም። ካሜራዬን ሲመልሱልኝ ሚሞሪ ካርዱ ውስጡ አልነበረም።

ሴትየዋን ያገኘኋት ከዓመት በኋላ፣ በተፈናቃዮች መጠለያ ነው። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር የሄድኩት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ዐይኗን ጠበብ አድርጋ አየችኝና "ያ ከዱቄቱ ጋር የመጣው" አለች። ስለ እጄ ይቅርታ ስጠይቃት ነገሩን አላስታወሰችውም። "ያን ቀን ብዙ ሰው ነካክቶኛል" አለችኝ።

ፎቶውን ዐይታው አታውቅም። ይህ ሁሉ ሕዝብ የተቀባበለው ፊት ለባለቤቱ አልደረሰም። ከስልኬ አወጣሁና ሰጠኋት። ፊቷን ብዙም አላየችው። በጣቷ ወደ ቀኝ ገፋችው፣ ወደ ግራ ገፋችው፣ ጫፍ ጫፉን ፈለገች።

"በሩስ?" አለችኝ።

"የቱ በር?"

"የቤቴ በር። ሰማያዊ ነው፣ ቆርቆሮ። አልተቃጠለም ነበር፣ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ቁጥሩ የተጻፈው እሱ ላይ ነው። ቀበሌ ሄጄ ቤት ነበረኝ ስላቸው ማስረጃ አምጪ ይሉኛል። ቦታው ላይ ሌላ ሰው ሠርቶበታል። በሩ ያለበት ሌላ ፎቶ አለህ?"

አልነበረኝም። በሩን አስታወስኩት። ሰማያዊው ቀለም ዐይን ይስባል፣ ፊቷን ይሻማል ብዬ ነበር። አገጯን ካነሳሁ በኋላ አንድ እርምጃ ወደፊት የተጠጋሁት እሱን ከፍሬሙ ለማስወጣት ነው።

"ቆርጬዋለሁ" አልኳት።

"ለምን?"

ስልኩን መለሰችልኝና ውኃ ልትቀዳ ሄደች።

አሁንም ሠርግ አነሳለሁ፣ የምኖረው በዚያ ነው። ያ ፎቶ አሁንም ይደርሰኛል፣ ባለፈው ደግሞ የሌላ አገር ጦርነት ስም ተሰጥቶት መጣ። በባቢሌ መንገድም ሆነ በሀርሺን በኩል ሰው ቤቱን አጥቶ የተቀመጠበት ቦታ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ ወደ ኋላ እርቃለሁ። በሩን፣ ቁጥሩን፣ የጎረቤቱን አጥር፣ የዛፉን ቦታ አነሳለሁ፣ አሳትሜም ለባለቤቱ እሰጣለሁ። ፊት የማነሳው ሰውየው ራሱ "አንሳኝ" ካለኝ ነው። እነዚህን ፎቶዎች ማንም ሰው ለማንም ልኳቸው አያውቅም። ሁለት ሰዎች ግን ይዘዋቸው ቀበሌ ገብተው የቤታቸውን ቦታ አስመልሰዋል። እሷ እስካሁን መጠለያው ውስጥ ናት።