በእንግሊዝኛ የተጠላ እጮኛ

ሰቆጣ በተመደብኩ በሦስተኛው ዓመት ማስተማር አንገሽግሾኝ ነበር። ዝውውር ብጠይቅ ሰሚ ጠፋ፤ ክፍል የምገባው ደወል ስለተደወለ ብቻ ነው። በዚህ መንፈስ ላይ ሆኜ ነው እንግዲህ አንድ ቀን «አብሆር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት። «አጥብቆ መጥላት፣ መጸየፍ ማለት ነው» አልኳቸው። «ለተራ ቅሬታ አትጠቀሙበት። ዓይኑን ማየት ለማትፈልጉት ነገር ነው። በሉ ዓረፍተ ነገር ሥሩበት።»

ጅብን ጠሉ፣ ወባን ጠሉ፣ ፈተና ጠሉ። ሰው የጠላ ግን አልነበረም። ዋግ ውስጥ ሰው ጠላሁ ብሎ በአደባባይ መናገር ቀላል ነገር አይደለም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ካላስታረቀ በቀር ነገሩ እንዲሁ አይተውም። ከጋዝጊብላ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት ልጅ ግን ብድግ አለችና፣ የታጨችለትን ሰው እንደምትጸየፈው ጥርት ባለ እንግሊዝኛ ተናገረች። «ጎበዝ፣ ተቀመጪ» ብዬ ወደሚቀጥለው ግስ አለፍኩ።

ወሬው በገበያተኛ እግር አገሯ ገባ። በሳምንቱ አባቷ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው መጡ፤ ልጅቷን ከእጮኛዋ ሊያስታርቁ። አስተማሪዎች ቢሮ በረንዳ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ልጅቷም ተጠርታ መጣች።

«መምህር» አሉኝ ታላቁ ሽማግሌ፣ «ሰርጉ ቀን ተቆርጦለታል። ያስተማሯት ቃል ምንድን ነው? ለትምህርት ያህል የተባለ ከሆነ ይንገሩንና እዚሁ እንዝጋው።»

ልምምድ ነው ብል ሁላችንም በሰላም ወደየቤታችን መግባታችን ነበር። ልጅቷ ምሰሶውን ተደግፋ አፍ አፌን ታየኛለች። የዚያን ቀን ለመዋሸት እንኳ አቅም አልነበረኝም።

«ከጥላቻ ሁሉ የከፋው ነው» አልኩ። «አብሮ እህል መቅመስ እስኪያቅት ድረስ መጥላት።»

ሽማግሌው አማርኛ ለማይሰሙት ጓደኛቸው በኽምጣኛ ነገሯቸው። ሁለቱም መሬት መሬት ያዩ ጀመር። አባትየው ግን ተስፋ አልቆረጡም።

«ልጄ፣ በፈረንጅ አፍ የተባለ አይቆጠርም» አሏት። «እስቲ በኛው ንገሪን።»

ነገረቻቸው። ኽምጣኛ አልችልም፤ ብቻ አጭር ነበር፣ ድምጿም አልተንቀጠቀጠም። ሽማግሌዎቹ በትራቸውን አንስተው ተነሡ። በፊታቸው የተነገረውን እንዳልሰሙ ሆነው ሰርግ ሊበሉ አይችሉም፤ ሰርጉ ቀረ ማለት ነው። ለእጮኛው ቤተሰብ ምን ብለው እንደሚናገሩ እየተማከሩ ከግቢው ወጡ።

አባትየው ብቻ ከተቀመጡበት አልተነሡም። ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አበሱ።

«በማላውቀው ቋንቋ ትተሽው ቢሆን ምን ነበረበት?» አሏት፣ እኔም እንድሰማው ይሁን አይሁን እንጃ፣ በአማርኛ። «አልሰማሁም ብዬ እድርሽ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ፣ አባ» አለቻቸው።