እናቴና የአውራጃው ድራም

ድራም መምታት የጀመርኩት በጽሕፈት መኪና ሰበብ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሳለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት የመኪናዬን ፊደሎች በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠርጌ፣ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ እወለውላቸው ነበር። አንድ ቀን የአውራጃው የኪነት ቡድን ድራም መቺ ለሆነ ጉዳይ ቢሮ መጡና ወረፋ ሲጠብቁ ይኼን ሥራዬን አዩ። በጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ያረጁ፣ ቀጠን ያሉ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበሩ። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ሁሉም «ሃምሳ አለቃ» ነው የሚላቸው።

«ልጄ፣ ይቺን እጅ ለኔም አውሺኝ» አሉኝ።

«ለምን ሥራ?»

«ድራሙ ዝጎ አለቀብኝ። መምታቱን ሁሉም ይወደዋል፤ መጥረጉን ግን የሚወድ አላገኘሁም። አሁንማ መቺም የለኝ።»

እውነታቸውን ነበር። ያስተማሩት ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ሄዷል፤ የራሳቸውም ቀኝ ትከሻ እየከዳቸው ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ድራሙ ጥግ ላይ በጆንያ ተሸፍኖ ቆሟል። ሃምሳ አለቃ ጆንያውን ሲገፉት አቧራው ሁለታችንንም አስነጠሰን። መጀመሪያ እንድመታው የጠየቁኝ መስሎኝ መምቻውን ባነሳ፣ «አስቀምጪው» አሉኝ። «ከመምታትሽ በፊት ፈታትተሽ ተዋወቂው።» እናም ፈታነው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ እያወጣን በጋዝ አጥበን፣ አድርቀን፣ የስፌት መኪና ዘይት ጠብታ አስነክተን መለስናቸው። የእግሩ መርገጫ እንደ አሮጌ በር ይንጫጫ ነበር፤ ዘይት ሲጠጣ ዝም አለ። የሚመታውን ፊቱን ቆዳ እንለዋለን እንጂ ላስቲክ ነው፤ እሱን በርጥብ ጨርቅ ጠረግነው። ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ሲቆም ሃምሳ አለቃ መምቻውን ሰጡኝና «በይ አሁን ሰላም በይው» አሉኝ። አንድ ጊዜ ብመታው ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ። ያን ዕለት ቤቴ የገባሁት እየሳቅኩ ነው። ከዚያ ወዲያ ከሥራ መልስ እየሄድኩ፣ እየፈታሁና እየገጠምኩ፣ ከሃምሳ አለቃ መምታቱን ተማርኩ።

ክረምቱ ሲገባ የአዳራሹ ጣሪያ ያፈስ ጀመር። ድራሙ ከዝናብ የሚድንበት ቦታ ስላልተገኘ ነሐሴ ላይ በጋሪ አስጭኜ ወደ ቤታችን አመጣሁት። እናቴ ደጃፍ ላይ ጥጥ ስትፈትል ነበር። እንዝርቷን አቁማ ጋሪውን አየችው።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ድራም ነው እማ። ክረምቱ እስኪወጣ ብቻ።»

«የዘፈን ዕቃ? በፍልሰታ ጾም? ከኔ ቤት?»

«አይመታም። ከዝናብ ልሰውረው ብዬ ነው።»

እናቴ ቅዳሴ የማይቀራት፣ ማኅበረተኛ ሴት ናት። ልጇ በሰው ፊት ከበሮ ስትደልቅ ማየት አትፈልግም፤ ይህንንም ደጋግማ ነግራኛለች። ነገር ግን ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ሰማዩን አየች፣ ድራሙን አየች፣ ከዚያም መደቡ ላይ ያለውን እህል ገፋ አድርጋ «ይግባ። ድምፁን ግን እንዳልሰማ» አለች።

ድምፁን አልሰማችም። እድፉን ግን አየችው። እናቴ ቆሻሻ ነገር እያየች እህል የሚወርድላት ሰው አይደለችም። አንድ ቀን ከቢሮ ስመለስ ሲምባል የምንላቸው ሁለቱ የነሐስ ሳህኖች አጥሩ ላይ ተሰቅለው እንደ መስተዋት ያበራሉ። በአመድና በሎሚ ፈትጋ፣ በውሃ አለቅልቃ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታቸዋለች። ጠቁሮ የኖረው ሁሉ ለቋል። የሠሪው የፈረንጅ ስም የተጻፈበት ቀለምም አብሮ ለቋል።

«እማ፣ ጽሑፉ የታለ?»

«ምን ጽሑፍ? እድፍ ነው ያለው።»

ሃምሳ አለቃ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ተጨነቅኩ። ቅዳሜ ሲመጡ ሳህኑን አገላብጠው አዩት፤ በጣታቸው ጥፍር መታ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ። ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ።

«እመይቴ፣ እርስዎ ነዎት ያጠቡት?»

«ምነው፣ አበላሸሁት እንዴ?»

«ስሙ ጠፍቷል። ከእንግዲህ በእርስዎ ስም እንጠራዋለን።»

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳህኖቹን ሌላ ሰው እንዲነካቸው አትፈቅድም ነበር። ሃምሳ አለቃም ሎሚው እንዲቀንስ፣ አመዱም እንዲነፋ ለመኗት፤ በዚህ ተስማሙ።

መስከረም ሲጠባ ቡድኑ ገሳይ በምትባል ትንሽ ከተማ ትርዒት እንዲያሳይ ታዘዘ። ሃምሳ አለቃ ትከሻቸውን እያሻሹ «መቺዋ አንቺ ነሽ» አሉኝ። እናቴ ገሳይ ያለችውን እህቷን እንኳን አደረሰሽ ልትላት ትፈልግ ስለነበር በቡድኑ መኪና አብራን ተሳፈረች። «ለእህቴ ነው የምሄደው» ብላ አስቀድማ ተናገረች። ሳህኖቹን ግን በጋቢዋ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር።

መንገዱ ዝናብ የቦረቦረው ነው። የጭነት መኪናው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሲነጥር አግዳሚ ወንበር ተገለበጠና እግሩ የድራሙን ትልቅ ከበሮ በጀርባው ወጋው። ገሳይ ደርሰን ስናወርደው በእግር የሚመታው ቆዳ ተተርትሯል። ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተሰብስቧል፤ መለዋወጫ የለንም።

የቡድኑ መሪ ራሱን ይዞ ቆመ። እኔ ግን ያንን ከበሮ ስንት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ። በፊት ለፊቱ ያለው ቆዳ ለመልክ ነው እንጂ አይመታም።

«የፊቱን ወደ ኋላ እናዙረው» አልኩ።

ሃምሳ አለቃ የብሎን መፍቻውን አቀበሉኝ። ዘይት የጠገቡት ብሎኖች በጣቴ እየተሽከረከሩ ወጡ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዝገቱን ስንታገል ይመሽ ነበር። የተቀደደውን አውጥቼ የፊቱን ከኋላ ገጠምኩ። የከበሮው ፊት ባዶውን ቀረ፤ ሞክሬ ብረግጠው እንደ በርሜል ጮኸ።

«ሆዱ ባዶ ሆኖ ነው» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ጨርቅ ይፈልጋል።»

ዙሪያችንን ስናይ እናቴ ጋቢዋን ከሳህኖቹ ላይ ፈታ አቀበለችኝ። «ብቻ መሬት እንዳይነካ» አለች። ጠቅልዬ ሆዱ ውስጥ ጨመርኩት። አሁን ሲረገጥ ዱም ብሎ ዝም ይላል።

የቡድኑ መሪ ሌላ ጭንቀት መጣበት። በፊቱ ቆዳ ላይ በቀይ ቀለም «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ተብሎ ተጽፏል፤ አሁን መፈክሩ ወደ እኔ ዞሯል።

«ሕዝቡ መፈክሩን አያየውም እኮ» አለ ድምፁን ቀንሶ።

«ይሰማዋል» አሉ ሃምሳ አለቃ። «በየምቱ ይሰማዋል።»

መሪው ሊቆጣ አስቦ ሳቅ ቀደመው።

ጀመርን። የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች ዓይኔን ከሃምሳ አለቃ ሳላነሳ መታሁ። ከዚያ ዘፋኞቹ የጎንደርን ጭፈራ ሲያነሡ ሜዳው ተነሣ። ገበሬው በዱላው፣ ሴቶቹ በእልልታ፣ ነጋዴዎቹም ሱቃቸውን ትተው ወጥተው ትከሻቸውን ሰበቁ። ሳህኖቹን ስመታ የመስከረም ፀሐይ እያረፈባቸው ብልጭ ይላሉ። እናቴን ፈለግኳት። ከእህቷ ጋር ከፊት ቆማለች። አክስቴ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር አለቻት፤ እናቴም መልሳ ጣቷን ወደ ሳህኖቹ ቀሰረች። ሌሎቹ ሴቶች ዞረው አዩዋት። ያን ጊዜ እናቴ አፏን በእጇ ጋርዳ ረጅም እልልታ አወጣች። በሠርግ ካልሆነ የእናቴን እልልታ ሰምቼ አላውቅም።

አክስቴ ቤት ጠላና ዳቦ ጠብቆን ነበር። ስንመለስ ሹፌሩ እናቴን ጋቢና እንድትገባ ቢለምናት እምቢ ብላ ከኋላ ከኛ ጋር ተቀመጠች። ጥቂት እንደሄድን ወደኔ ጠጋ አለች።

«እግርሽ እንዴት ነው ከእጅሽ ተለይቶ የሚሄደው?»

አሳየኋት። እግሬን በመኪናው ወለል ላይ፣ እጄን በጉልበቴ ላይ እያደረግኩ ቀስ ብዬ መታሁላት። ሞከረች፤ እጇና እግሯ እኩል ወረዱ። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም እኩል ወረዱ። ሃምሳ አለቃ «አንድ፣ ሁለት» እያሉ ይቆጥሩላታል፤ መላው ቡድን ያጨበጭባል፤ እሷ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። የደብረ ታቦር ቤቶች ሲታዩ ሁላችንም እግሯን እናይ ነበር፤ ለአንዲት አፍታ እጇ ሄደ፣ እግሯም በራሱ መንገድ ሄደ።